ፎቶ ማንሣትና ጉዳይ ማንሣት፤ ስለ ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች አሠራርና ስለ ኮልፌ የቀረበ ሒስ

በአማርኛ «ማንሣት» የሚለው ግስ ብዙ ሥራ ተሸክሞ ይገኛል። ሸክም ይነሣል፤ የወደቀ ሰው ይነሣል፤ በጉባኤ ፊት ጉዳይ ይነሣል፤ የሰው ስም በደግም በክፉም ይነሣል። የፎቶግራፍ መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ ለአዲሱ ሥራ አዲስ ግስ ሳይፈልግ ይህንኑ ሰጠው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ሥራው ግን አንድ አይደለም፤ ፎቶ ያነሣ ሁሉ ጉዳይ አንሥቷል ለማለት አይቻልምና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በሦስት የታወቁ ኢትዮጵያውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ መለካት፣ ከዚያም መለኪያውን ይዞ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ መሄድ ነው። (የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ዛሬ ተማሪ ሁሉ በኪሱ ባለው ስልክ ፎቶ ለማንሣት ይችላል። መሣሪያው ሲበዛ ግን «ምን ላንሣ?» የሚለው ጭንቀት አልቀነሰም። ለዚህ ጥያቄ አዘውትረው የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «ውብ ነገር ፈልግ» ሲል ሁለተኛው «ችግር ያለበት ቦታ ሂድ» ይላል። የኮልፌ ሰው ለሆነው ተማሪ ሁለተኛው መልስ ወዲያው አንድ አቅጣጫ ያሳየዋል፤ ቆሼን። ይህ ጸሐፊ በዚያው ክፍለ ከተማ ስለሚኖር ምክሩ ብዙ ጊዜ ደርሶታል። ምክሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመርመር አስቀድሞ ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል።

ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ዤራር በ1996 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የጥንት ፎቶግራፎች መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ናቸው። መነሻው ዓመት እንግሊዞች ወደ መቅደላ የዘመቱበት ጊዜ ሲሆን ከጦሩ ጋራ የመጡት መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር። በ1905 ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ወደ አዲስ አበባ መጥተው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ሙያውም ከእርሳቸው ወደ ልጆቻቸው ተላለፈ። በዚያ ዘመን የሥዕሉን ጉዳይ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለ መሣሪያው አልነበረም። ንጉሡ ያዝዛሉ፤ መኰንኑ ካባውን ደርቦ ይቀመጣል፤ ሙሽሮች ወደ ፎቶ ቤት ይመጣሉ። ዘማቹና መንገደኛው የውጭ አገር ሰው ደግሞ በአገሩ የሚጠየቀውን ያነሣል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ባለሙያ በገዛ ፈቃዱ «ጉዳዬ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ እምብዛም ያልቆየ ልማድ ነው። በመልሱ ላይ መከራከርም የሚገባን ስለዚህ ነው።

፩. ጉዳይን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ የማነሣው የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ነው። አይዳ በ1974 በአዲስ አበባ ተወልደው በውጭ አገር ያደጉ፣ በዋሽንግተን ከሚገኘው ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ2000 የተመረቁ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም የሠሩ ናቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ትርኢት በአዲስ አበባ መሠረቱ። ዋተርኤይድ የተባለው የርዳታ ድርጅት ስለ ውሃ ችግር ሥዕል እንዲሠሩ ባዘዛቸው ጊዜ ምንጭ ዳር ቆመው እንስራ የተሸከመች ሴት አልጠበቁም። በአፋር ምድር ወደሚገኘው ወደ ዳሎል ሄዱና ፊታቸው በቀለም የተቀባ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶችን በጨው ሜዳ ላይ እንደ ቴያትር አቁመው አነሡ። ሥራው በ2019 በሎንዶን ለሕዝብ ታይቷል።

የዚህን አሠራር ብልኅነት መካድ አይቻልም። ውሃ ቀጂዋ ሴት በርዳታ ድርጅቶች ወረቀት ላይ ከመደጋገሟ የተነሣ ተመልካቹ አይቷት አያያትም። አይዳ ሴቲቱን ከለመድነው ቦታ አውጥተው በማናውቀው ቦታ ስላቆሟት እንደ ገና ለማየት እንገደዳለን። ምጽዋትም አትለምነንም። በዚህ ረገድ አሠራራቸው ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ ጉዳይ በመንገድ ላይ ወድቆ የሚገኝ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በአሳብ ተሠርቶ ሊመጣ ይችላልና።

ነገር ግን አንድ ነገር ጐድሏል እላለሁ። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ይህ ክብደት በወገብና በአንገት ላይ የሚያደርሰውን የተሸከመች ታውቀዋለች። በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሸክም ምልክት ሆነ እንጂ አልከበደም። ዐይን ይደሰታል፤ ትከሻ ግን ምንም አይሰማውም። ሴቲቱም የአንድ አሳብ ተጠሪ እንጂ የአንድ ሰፈር ሰው አትመስልም። ጉዳዩ ተነሥቷል፤ ባለ ጉዳይዋ ግን ቀርታለች።

፪. ሰውን ከቦታው ማውጣት

ሁለተኛው ግርማ በርታ ናቸው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚያልፉትን ሰዎች በአይፎን ስልክ አንሥተው፣ በስተኋላ ያለውን መንገድና ግንብ በሙሉ አጥፍተው፣ ሰውየውን ከነጥላው በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያስቀምጡታል። «የሚንቀሳቀሱ ጥላዎች» ብለን ልንተረጕመው የምንችለው ይህ ሥራ በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሰጡትን የገንዘብ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

አንድ ሰው የአዲስ አበባን መንገድ ቢያነሣ ሽቦው፣ ታክሲው፣ ቆርቆሮው፣ ማስታወቂያው ተደራርበው ሰውየውን ይውጡታል። ግርማ ይህን ሁሉ ሲያስወግዱ ተሸካሚውና ሱቅ በደረቴው እንደ መኰንን ብቻቸውን ይቆማሉ። ጥላው አለመጥፋቱም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሰውየው በእውነተኛ ፀሐይ፣ በእውነተኛ ሰዓት የቆመ መሆኑን የሚመሰክረው እርሱ ብቻ ነው። ቀላል በሚመስል አሠራር እንዲህ ያለ ክብር መስጠት የሚደነቅ ነው።

ሆኖም የማሊውን ሴይዱ ኬይታን እናስታውስ። ኬይታ በ1948 በባማኮ ፎቶ ቤት ከፍተው በደንበኞቻቸው በስተኋላ ጨርቅ ይሰቅሉ ነበር፤ የመጀመሪያው ጨርቅም የገዛ አልጋቸው ልብስ እንደ ነበረ ይታወቃል። እርሳቸውም እንደ ግርማ መንገዱን አጥፍተዋል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ወደ ኬይታ የመጣው ሰው ልብሱን መርጦ፣ አቀማመጡን ተነጋግሮ፣ ሥዕሉንም ወስዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመንገድ የሚያልፈው የአዲስ አበባ ተሸካሚ ግን መንገዱ ሲጠፋበት አልተጠየቀም። አማርኛችን ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ አንዱ «ፎቶ ተነሣሁ» ይላል፤ ሌላው «አነሡኝ» ይላል። በኮልፌ አጣና ተራ አጣና ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ኮልፌ ቢወሰድበት ምን ይቀርለታል? ሸክሙ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ለማን ቤት ማገር እንደሚሆን አይታወቅም። ሰውየው ይከብራል፤ ሥራው ግን ትርጕም ያጣል።

፫. ሰው የሌለበትን ማንሣት

ሦስተኛው ሚካኤል ጸጋዬ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሥዕል ሙያ ተምረው የተመረቁ ሲሆኑ፣ የዘይት ቀለም ለሰውነታቸው ስላልተስማማ ብሩሹን ትተው ወደ ፎቶግራፍ ተመለሱ። ከሥራዎቻቸው ሁለቱን ላንሣ። በአንደኛው ውስጥ የሚታዩት በመቃብር ድንጋዮች ላይ የተለጠፉ የሟቾች ፎቶግራፎች ናቸው፤ ፀሐይ ያነጣቸው፣ ዝናም ያጠባቸው፣ የተሰነጠቁ። «የወደፊት ትዝታ» ልንለው በምንችለው በሌላው ሥራ ደግሞ የሚፈርሰውንና የሚሠራውን የአዲስ አበባን ገጽ አንሥተዋል።

በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ወደ ጉዳዩ ሥር የቀረበው ይህ አሠራር ነው። የመቃብሩን ፎቶ ያስለጠፈው ዘመድ መልክ እንዳይጠፋ ብሎ ነበር፤ ሥዕሉም እንደ ሥጋው ጠፋ። ፎቶግራፍ የራሱን ሙያ ድካም ሲመሰክር ማየት ብርቅ ነው። ሌላም ትምህርት አለበት። ከነዚህ ሥዕሎች አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሰው የተበላሸ ፎቶ ያያል እንጂ ጉዳይ አያይም። አሥሩን፣ ሃያውን ጐን ለጐን ሲያይ ግን ጉዳዩ ይገለጥለታል። ስለዚህ ጉዳይ የሚገኘው በአንድ ቅጽበት ዕድል ሳይሆን ወደ አንድ ዐይነት ነገር ደጋግሞ በመመለስ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህም አሠራር የሚሸሸው ፈተና አለ። ሙት አይከራከርም፤ የፈረሰ ቤትም «ለምን አነሣኸኝ?» ብሎ አይጠይቅም። ሕያው ሰው ባለበት ቦታ ይህ ትዕግሥት እንዴት ይሠራል? ወደ ቆሼ የምንሄደው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው።

፬. ቆሼ

ረጲ ወይም በሕዝቡ አጠራር ቆሼ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ በሥሩ ያሉትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 ሰዎች በላይ ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ የቆሼ ሥዕል በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። በ2018 ደግሞ በዚያው ሥፍራ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው ፋብሪካ ተመረቀ፤ የምረቃውም ሥዕል እንዲሁ ታየ።

በነዚህ በሁለት ቀኖች መካከል ቆሼ ነበረ፤ ሰውም ነበረበት። ይህ ጸሐፊ ያያቸውን የቆሼ ሥዕሎች በሦስት ክፍል ለመመደብ ይቻላል፤ የአደጋው፣ የምረቃው፣ የአሞሮችና የጢስ። ሦስተኛው ክፍል በጣም የሚበዛው ነው። በርሱ ውስጥ ሰዎቹ ከአሞራው ጋራ አንድ ላይ ጐንበስ ብለው ይታያሉ፤ ፊታቸው በጢስ ተሸፍኗል። እንዲህ ያለው ሥዕል ሰውን አንሥቶታል ወይስ ጥሎታል?

በ1936 አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆችዋ ጋራ አነሡ። ሥዕሉ የዚያ ዘመን የችግር ምስክር ሆኖ በዓለም ታወቀ። ላንግ ግን የእናቲቱን ስም አልጠየቁም ነበር። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆንዋ የታወቀው በ1978 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሥዕሉ አንዳችም ጥቅም እንዳላገኘች ተናገረች። የላንግን ችሎታ የሚጠራጠር የለም፤ ሥዕሉም ለለቃሚዎቹ ሰፈር እህል እንዲላክ ምክንያት ሆኗል። ቢሆንም አንዲት ሴት ከ40 ዓመት በላይ የሁሉ ችግር መልክ ሆና የራስዋ ስም ሳይነሣ ኖረች። ጉዳዩ ተነሣ፤ ስሙ አልተነሣም።

ነገሩን ከሩቅ አገር ብቻ አልተማርኩትም። በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አልፎ አልፎ ከባሕር ማዶ እንግዶች ይመጡ ነበር። ተሰልፈን ፎቶ ስንነሣ ከእንግዶቹ አንዱ ጫማ ያላደረጉትን ልጆች ከኋላ አውጥቶ ከፊት ያስቀምጣቸዋል። ከመካከላችን ያን ሥዕል ያየ አንድም ልጅ የለም። ከኋላ የቆምነው ደስ ብሎን ነበር፤ ከፊት የተቀመጡት ግን እግራቸውን ከአፈር ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ያን ቀን «ትርጕም ያለው ጉዳይ» አግኝቷል።

ቆሼን በሚመለከት ስሕተቱ ከዚህ አይለይም። ለጐብኚው ቆሼ የኀዘን ቦታ ነው፤ ለሚሠራበት ሰው ግን የሥራ ቦታ ነው። ብረቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ የሃይላንዱ ጠርሙስ ለብቻ ይለያል፤ ዋጋ አለው፤ ገዢ አለው። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሚሰበስበውም ዕቃ ከዚሁ ንግድ ጋራ የተያያዘ ነው። መርካቶ ወደሚገኘው ወደ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ማንደጃ ሲሆን፣ አሮጌ ጎማ ተቈርጦ ሌላ ዕቃ ሲሆን ያያል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። ጢሱንና አሞራውን ብቻ የሚያነሣ ሰው ይህን ዕውቀት አላየም፤ ሳያየውም ስለ ቦታው ትርጕም ሊነግረን ይሻል።

፭. ስለ አሠራር

እንግዲህ በኮልፌ ለሚሠራ ተማሪ ምን ዐይነት አሠራር ይበጃል? ከላይ ካየናቸው ሦስት ሥራዎችና ከጉድለቶቻቸው ሦስት አሳቦች ለማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፤ ለፎቶግራፍ የሚሆነውንና ለብዕር የሚሆነውን መለየት ያሻል። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 የወታደር ትምህርት የተማሩት በኮልፌ፣ በፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ነው። ጉዳዩ ትልቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ዛሬ አንድ ሰው ወደዚያ ሄዶ በርና አጥር ቢያነሣ ግን ሥዕሉ በርና አጥር ነው፤ ትርጕሙ ያለው ከሥሩ በሚጻፈው መግለጫ ውስጥ ነው። ትልቅ ስም ያለበት ቦታ ሁሉ የፎቶግራፍ ጉዳይ አይሆንም። በአንጻሩ ማንም ስሙን የማያነሣው ቆርቆሮ በዐይን የሚታይ ረጅም ታሪክ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛ፤ ቦታን ከመዞር ይልቅ አንድ ነገርን መከተል ይሻላል። አንድ የዘይት ቆርቆሮ ከቤት ሲጣል፣ ሲለቀም፣ ሲሸጥ፣ ምናለሽ ተራ ሲቀጠቀጥ፣ ማንደጃ ሆኖ በኮልፌ ገበያ ሲሸጥ፣ በመጨረሻም ቡና ሲፈላበት መከተል ይቻላል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በያለበት ሕያው ሰው ያገኛል፤ ሰውየውንም የሚያገኘው ሥራ ሲሠራ ነው። የግርማ በርታ ተሸካሚ ያጣው ቦታ ይመለስለታል፤ የአይዳ ሙሉነህ ሴት ያጣችው ክብደት ይመለስላታል። እርግጥ ይህ ጊዜ ይጠይቃል። ምንም በማይሆንበት ቀን፣ አደጋም ምረቃም በሌለበት ማክሰኞ፣ ደጋግሞ መሄድ ይጠይቃል። የሚካኤል ጸጋዬ ትዕግሥት ወደ ሕያዋን ሰፈር የሚዛወረው እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። በፊልም ዘመን ፎቶ ታጥቦ ለተነሣው ሰው ይሰጥ ነበር፤ ፎቶ ቤቱ ሥራው እስከዚያ ድረስ መሆኑን ያውቅ ነበር። በስልክ ዘመን ይህ የመጨረሻ ደረጃ ተረሳ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ የአሠራሩ ዋና ክፍል ስለ ሆነ ነው። የታተመውን ሥዕል ይዞ የተመለሰ ሰው የሚሰማው ነገር አለ፤ «ይህ እኔ አይደለሁም»፣ «ልጄን ለምን ቈረጥካት?»፣ «ሥራዬን ስሠራ አንሣኝ እንጂ ስቀመጥ አይደለም»። እንዲህ ያለው ሒስ ከማንኛውም መምህር ሒስ ይልቃል። ሁለተኛው ሥዕል ከመጀመሪያው የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ እንዲጻፍ የፈቀደ ስሙ ይጻፍ፤ ያልፈቀደም ይከበር፤ ሳይጠየቅ የሚቀር ግን አይኑር።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ፎቶግራፍ አንሺውን አያስረውምን? አደጋ በደረሰ ጊዜ ማን ፈቃድ ሲጠይቅ ይቆማል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ፍሬ አለው። በመጋቢት 2009 በቆሼ የተነሡት ሥዕሎች ባይነሡ ኖሮ ኀዘኑ በዓለም ፊት ባልታወቀ ነበር፤ ላነሡት ሰዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። የአደጋ ቀን ሥራ የጋዜጠኛ ግዴታ ነው። እኛ ተማሪዎች ግን በማግሥቱ ለሚቀጥለው ዕትም የምንሮጥ አይደለንም። ጊዜ አለን፤ በሰፈሩም እንኖራለን። ጋዜጠኛው በችኰላ ያለፈውን እኛም ካለፍነው ጐረቤት መሆናችን ምን ጠቀመ?

በዚህ ኮሌጅ ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ዛሬ ከጽሑፋቸው ጋራ ፎቶ ማያያዝን ለምደዋል። ሥዕሉ ማስረጃ ነው ተብሎ ይታመናል፤ የተነሣው ሰው ስም፣ ፈቃድና አስተያየት ግን በጽሑፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለመረጃ ሰጪ ቃል የምንጠነቀቀውን ያህል ለመልኩም ብንጠነቀቅ መልካም ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼና መምህሮቼ አንድ ነገር እንዲመክሩበት አሳስባለሁ፤ ለጥናት ፎቶ ያነሣ ተማሪ ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት አንድ አንድ ቅጂ አሳትሞ ለተነሡት ሰዎች ያድርስ፤ ያሉትንም ይጻፍ። ወጪው ጥቂት ነው። ከኮሌጁ እስከ ኮልፌ የታክሲ ዋጋም ብዙ አይደለም።